እንደ በቅሎ የተመረጠው ሬዲዮ

ዓይን አፋር ሰው አብዛኛውን ዕቃ የሚገዛው ስለፈለገው ሳይሆን እምቢ ማለት ስላቃተው ነው። እኔ ለምሳሌ ሁለት ዣንጥላ አለኝ፤ ሁለቱም ያፈሳሉ። ሁለቱንም የገዛሁት ነጋዴው ዘርግቶ ካሳየኝ በኋላ «እስቲ ላስብበት» ማለት ስላቃተኝ ነው። ሰውየው ለኔ ብሎ ዘርግቶ፣ አዙሮ አሳይቶ፣ መልሶ አጥፎ ሲያበቃ ጀርባዬን ሰጥቼው ልሂድ? ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ነቀምቴ ስመደብ፣ ሁለት ዣንጥላ ይዤ፣ ከሁለቱም ሥር እየረጠብኩ ነው ከተማዋ የገባሁት።

ይህን ማንሳቴ ስለ ዣንጥላ ላወራችሁ አይደለም። እንዲህ ያለች ሴት ለሞዴል አውሮፕላን የሬዲዮ መቆጣጠሪያ መርጠሽ ግዢ ስትባል ምን ሊከተል እንደሚችል ከወዲሁ እንድትገምቱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከኔ በፊት በነበረው የውጭ አገር አስተማሪ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ ከጡጫ የማትበልጥ አንዲት ሞተር ለትምህርት ቤቱ ትቶ ሄደ። ተማሪዎቼ ደግሞ ሞተር አይተው ዝም የሚሉ ዓይነት አልነበሩም። የሳይንስ ክበቡ ሊቀ መንበር ለሊሴ መሪ ሆና፣ ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ ስስ ወረቀት ለጥፈው፣ ክንፏ የኔን ቁመት የሚያህል አውሮፕላን ሠሩ። ሞተሯ የምትጠጣው ከላምባ፣ ከኤተርና ከጉሎ ዘይት የተቀየጠ ነገር ስለነበር ክበቡ ከሩቅ ይሸት ነበር። ለሊሴ በዚህ ሽታ ትኮራ ነበር። ቤቷ ወንድሞቿ ብዙ ናቸው፤ እዚያ ውኃ ቅጂ፣ እሳት አንድጂ ስትባል ትውላለች። በዚያች ግማሽ መስኮት ባላት የክበብ ክፍል ግን «ሊቀ መንበር» ነው የምትባለው። ከትምህርት በኋላ የክፍሉን በር ስትከፍት ያየ ሰው ባንክ የምትከፍት ይመስለው ነበር።

አውሮፕላኗ በረረች። ችግሩ መብረሯ ነበር። መሪ የላትምና ወደ ፈለገችው ሄደች፤ የፈለገችው ደግሞ ወደ ኡኬ መንገድ ኖሮ የአንድ ገበሬ በቆሎ ውስጥ ገባች። ገበሬው ራሱ ላይ ተሸክሞ አመጣትና ለርእሰ መምህሩ ለአቶ መኩሪያ፣ «ልጃችሁ ነች መሰለኝ» ብሎ አስረከበ።

አቶ መኩሪያ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል። ያን ቀን በጭራሽ ሊሰማ አልቻለም፤ ጠጋ ብዬ ነው ያዳመጥኩት።

«ወይዘሪት፣ የወላጆች ቀን የክብር እንግዳ ይመጡብናል። አውሮፕላኗ ሄዳ የምትመለስ ከሆነ ክበቡ ክፍሉን ይዞ ይቀጥላል። ሄዳ የምትቀር ከሆነ ግን ክፍሉን ለኳስና ለመረብ ማስቀመጫ እፈልገዋለሁ። ይስማማሉ?»

ለሊሴ በበሩ ስንጥቅ እያየችኝ ነበር። «እሺ» አልኩ። እኔ «እሺ» ያላልኩት ነገር ቢኖር ኖሮ አሁን አንድ ዣንጥላ ብቻ ይኖረኝ ነበር።

የውጭ አገሩ አስተማሪ ትቷቸው ከሄዳቸው መጽሔቶች እንደተረዳሁት መፍትሔው የሬዲዮ መቆጣጠሪያ ነበር። ሰው መሬት ላይ ቆሞ በያዘው ሳጥን፣ ሰማይ ላይ ላለችው አውሮፕላን ያለ ምንም ሽቦ ትእዛዝ ያደርሳል፤ የጅራቷ መሪ ይታጠፋል፤ እሷም ትዞራለች። የማውቀው ይህን ያህል ነበር። የቱ ይሻላል፣ የቱ ርካሽ ነው የሚለውን ስጠይቅ ግን ከተማው በሙሉ አዋቂ ሆኖ ተገኘ። የታሪክ አስተማሪው «ውድ የሆነውን ግዢ፣ ርካሽ ኋላ ያስወድዳል» አለኝ። የሒሳቡ አስተማሪ «ራስሽ ሥሪው» አለኝ፤ ወንበሩ እግሩ ተሰብሮ በድንጋይ የቆመለት ሰው ነው። ሁሉንም በትሕትና አመሰገንኩ፤ አመስግኜም ምንም ሳላውቅ ቀረሁ።

በመጨረሻ ነገሩ የቤት አከራዬ ጆሮ ደረሰ። ኦቦ ዲንሳ በቅሎ ነጋዴ ናቸው፤ በዚያ ላይ የሠፈሩ ታላቅ ሽማግሌ ስለሆኑ ሰው ልጁን ሲድርም፣ ላም ሲገዛም ሳያማክራቸው አያደርግም። በረንዳ ላይ አስቀመጡኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይህ ሬዲዮ የምትይው ያወራል?»

«አያወራም፣ ኦቦ ዲንሳ።»

«ይዘፍናል?»

«አይዘፍንም።»

«ዜናስ?»

«የለውም። ማዘዝ ብቻ ነው የሚችለው።»

«ማዘዝ ብቻ ከሆነማ እኛ ቤት ሞልቷል።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ባለቤታቸው አዴ አያንቱ ከጓዳ።

ኦቦ ዲንሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወሬውን ነገሩኝ። ሲሬ አጠገብ ባለው የመንገድ ሥራ ካምፕ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ይሸጣል፤ ከዕቃው መካከል አውሮፕላን የሚነዱ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ትንሹ የክበቡ ቆርቆሮ ውስጥ ባለው ገንዘብ ይገዛል። የትልቁ ዋጋ ግን የኔን ደመወዝ ለወራት የሚያስጾም ነው ተብሏል።

«ዋጋ ማለት አፍ ነው» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «አፍን ደግሞ አፍ ያወርደዋል። አብሬሽ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልብ አድርጊ፤ የምትፈልጊያትን በቅሎ እንዳታያት። ዓይንሽ ካረፈባት ዋጋዋ ይነሳል። የማትፈልጊያትን አወድሺ፤ የምትፈልጊያትን አጣጥዪ። ባለቤቱ ይደነግጥና "ኧረ እባካችሁ፣ ይህችንም እዩልኝ" ብሎ ይለምናል። ያኔ ነው መግዛት።»

ይህ በወለጋ ገበያ ሁሉ የታወቀ ሥርዓት ነው። ማንም በማንም አይታለልም። እንደ ዘፈን ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይሳሳቃሉ። ጣሊያናዊው ዘፈኑን እንደማያውቀው ግን ኦቦ ዲንሳ አላሰቡም። ይባስ ብሎ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት እኔም አላሰብኩም።

ሲሬ ከአውቶቡስ ወርደን ካምፑ ስንደርስ መሐንዲሱ ሁለቱን ሳጥኖች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ጠበቀን። ትልቁ ሁለት ዘንጎች አሉት። አንዱን ዘንግ በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ጠረጴዛው ላይ ያለው መሪ እንዲሁ ገፋ አለ፤ ትንሽ ሲነካው ትንሽ፣ ብዙ ሲነካው ብዙ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ልቤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ትንሹ ሳጥን ደግሞ አንድ ቁልፍ ብቻ ነበረው፤ ልክ እንደ በር ደወል።

ምክሩን አስታውሼ ቶሎ ዓይኔን ከትልቁ አነሳሁ። «ትንሹ እንዴት ደስ ይላል» አልኩ በእንግሊዝኛ። «አንድ ቁልፍ። አይከብድም። ቀለሙም ያምራል።» ቀለሙ የተፋቀ ነበር።

ኦቦ ዲንሳ በትልቁ ዙሪያ ተንጎራደዱ። ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩ። የባትሪ ድንጋይ የሚገባበትን ክዳን ከፍተው፣ የበቅሎ ጥርስ እንደሚያይ ሰው፣ ጣታቸውን አስገቡ።

«ወድቃ ታውቃለች ወይ በዪው።»

ጠየቅሁት። መሐንዲሱ እውነተኛ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ ወንዝ ውስጥ ወድቆ እንደነበርና ፀሐይ ላይ አድርቆ እንዳዳነው ነገረን።

«አላልኩሽም? ሆዷ ውኃ ይዟል። አንገቷም ረዝሟል» አሉ አንቴናውን እየጠቆሙ። «ደግሞ ሁለት ዘንግ ምንድን ነው? ሁለት ልብ ናት፤ አንዱ ወዲህ ሲል ሌላው ወዲያ ይላል። ይህችን ለጠላቴም አልመኝለት። በዪው።»

እኔ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ትርጉም ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ ሆዷንም፣ አንገቷንም፣ ሁለት ልብ መሆኗንም፣ ጠላትየውንም፣ አንድ ቃል ሳላስቀር፣ ሰዋስው ሳላዛንፍ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩለት። ፈተና ቢሆን ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠኝ ትርጉም ነበር።

የመሐንዲሱ ፊት ጠቆረ። ትልቁን ሳጥን ብድግ አድርጎ በጨርቅ ጠረገው። ከዚያ በእንጨት መያዣው ውስጥ ቀስ ብሎ አስተኛውና ክዳኑን ዘጋ። እውነቱን ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ አለ። ለተማሪዎች መሆኑን ስለሰማ ክበቡ በያዘው ገንዘብ፣ ምንም ያህል ይሁን፣ ትልቁን ሊሰጠን ወስኖ ነበር። ይህን ያህል ከናቅነው ግን ለእህቱ ልጅ ይዞለት ይሄዳል። ትንሹን ስለወደድነውም ደስ ብሎታል።

ይህንንም ለኦቦ ዲንሳ ተረጎምኩላቸው። እሳቸው መሐንዲሱን ከራስ እስከ እግር ተመለከቱት።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉ። «የተነገረውን ሁሉ ያምናል?»

«ልንገረው፣ ኦቦ ዲንሳ? እንደምንፈልገው ልንገረው?»

«ላኪ፣ አይሆንም፣ ተይ። አንዴ ለጠላቴ እንኳ አልመኝም ያልኩትን ለልጆች ልግዛ? ሰው ምን ይለኛል?»

እኔ በራሴ አፍ «ይቅርታ፣ ትልቁን ነው የምንፈልገው» ማለት እችል ነበር። ዓረፍተ ነገሩን በሆዴ አዘጋጀሁት፤ ደግሜም አረምኩት። ሳርመው ኦቦ ዲንሳ ከደጁ ለምለም ሣር ነጭተው መጡና ትንሹ ሳጥን ላይ አኖሩት። እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። «ቤተኛ ያድርጋት። አትሰበር። ሄዳ ትምጣ። የያዛት እጅ አይጉደል።» በያንዳንዱ ምርቃት መጨረሻ «ሃ ታኡ»፣ ይሁን ይደረግ፣ ይባላል። የተመረቀ ዕቃ አይመለስም። ምርቃትም አይቋረጥም። ስለዚህ የማልፈልገውን ሳጥን «ሃ ታኡ» እያልኩ፣ ከሁሉም በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ገዛሁት።

የአንድ ቁልፍ ሳጥን ጠባይ እንዲህ ነው። ቁልፉን ስትጫኑ የጅራቱ መሪ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ስትለቁት ይቃናል። እንደገና ስትጫኑ ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው። ቀጥሎ ቀኝ፣ ቀጥሎ ግራ። ተራ አያዛንፍም። የሰርግ ቤት አሳላፊ በሉት፤ በቀኝ የተቀመጠውን ካስተናገደ በግራ ያለውን ሳያስተናግድ ወደ ቀኝ አይመለስም። ሁለቴ ወደ ቀኝ መዞር የፈለገ ሰው መካከል ላይ ግራውን ነካ አድርጎ ማለፍ አለበት። ሞተሩን ማጥፋት፣ ከፍ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር የለም። ነዳጁ እስኪያልቅ ትበራለች፤ ሲያልቅ ትወርዳለች። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጣት ሳይሆን ትውስታ ነው፤ መጨረሻ የሄደው ቀኝ ነው ወይስ ግራ?

እኔ እንዳልረሳ እያጉተመተምኩ ነበር የምለማመደው። «ቀኝ ሄዷል፣ ግራ ይመጣል። ግራ ሄዷል፣ ቀኝ ይመጣል።» ዓይኔን ወደ ሰማይ ሰቅዬ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ በመንገድ የሚያልፉት ወንጌላውያን ኮፍያቸውን እያወለቁ ቆመው ይጠብቁኝ ጀመር። አንድ አዛውንት እንዲያውም ስጨርስ «አሜን» አሉልኝ። ለሊሴ መሬት ላይ ተቀምጣ እስክትንፈራፈር ሳቀች። አውሮፕላኗ ግን ሄዳ መመለስ ጀመረች። ዛፍም ላይ አላረፈችም፤ በቆሎም ውስጥ አልገባችም። ትልቁን ሳጥን እየረሳሁት መጣሁ፤ ማለቴ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ አስበው ነበር።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ዳስ ተጣለ። የክብር እንግዳው መካከል ተቀመጡ፤ ከጎናቸው አቶ መኩሪያ፣ በሌላው ጎን ደግሞ ከሽማግሌዎች ሁሉ ታላቁ፣ ቡሉኳቸውን የተከናነቡት ኦቦ ዲንሳ። ለሊሴ ሞተሩን አስነሳች፤ ጥቂት ሮጣ አውሮፕላኗን ወደ ፊት ለቀቀቻት። እኔ ከዳሱ ፊት ቆሜ «ቀኝ ሄዷል፣ ግራ ይመጣል» እያልኩ በሜዳው ላይ አዞርኳት። ወላጆች አጨበጨቡ። መጨረሻ ላይ ቀኝ አዙሬ፣ ቁልፉን ለቅቄ፣ ቀጥ ብላ ከኛ እየራቀች ስትሄድ፣ ቀጣዩ ተራ የግራ መሆኑን በልቤ ይዤ ነበር። ግራው የግጦሽ ሜዳ ነው፤ ባዶ። ቀኙ ግን ረጅም የባሕር ዛፍ ደን ነው።

በዚህ ጊዜ አቶ መኩሪያ ደስታቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«ወይዘሪት፣ ክቡርነታቸው ይንኩልን።»

አዲስ ነገር ታላቅ ሰው ሳይነካው መቼ ይባረካል? በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ምን ማድረግ እችል ነበር?

የክብር እንግዳው ሳጥኑን ተቀብለው ቁልፉን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉ። አውሮፕላኗ ወደ ግራ ዘንበል ብላ ተቃናች። አየኋት። ግራ ሄዷል፣ ቀኝ ይመጣል። እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ጨዋ ሰው ናቸውና ሳጥኑን ወደ ኦቦ ዲንሳ አዞሩ።

«ታላቅ እያለ ለእኔ ብቻ አይገባም። ይንኩልን፣ አባቴ።»

«ላኪ፣ ላኪ፣ ጌታዬ» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «እርስዎ ባሉበት እኔ ማን ነኝ? አይደረግም። ላኪ።» ይህን እያሉ ሳጥኑን ወደ ቡሉኳቸው ውስጥ አስገቡት።

አውሮፕላኗ ያን ጊዜ ፀሐዩ ውስጥ ገብታ ነበር፤ መዞሯን አለመዞሯን ማየት አልተቻለም። ስትወጣ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆና ነበር። የሞተሯ ድምፅም መንተባተብ ጀመረ፤ ነዳጁ እያለቀ ነው። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ የሽማግሌውን ጨዋነት ያደንቃል። ለሊሴ ብቻ ነጥቧንና እኔን፣ እኔንና ነጥቧን ታያለች።

እኔ በልቤ አሰላሁ። ኦቦ ዲንሳ ቁልፉን ተጭነውት ከሆነ ተራው የግራ ነው፤ አንድ ጊዜ ብጫን ትመለሳለች። ካልተጫኑት ተራው የቀኝ ነው፤ ቀኙን ነካ አድርጌ ቶሎ ካላለፍኩት ባሕር ዛፉ ይበላታል። ከሁለት አንዱን ስቼ ሌላውን ብይዝ፣ ዛሬ ማታ በክበቡ ክፍል ኳስ ያድርበታል።

«ኦቦ ዲንሳ፣ ቁልፉን ተጭነውታል?»

«እኔ?» አሉ። «ይህ ሁሉ ሰው ፊት እምቢ ብዬ ስናገር አልሰማሽም? አልነካሁም። መረቅሁ እንጂ አልነካሁም።»

ኦቦ ዲንሳ ቤት የምኖር ሰው ነኝ። አዴ አያንቱ እንጀራ ሲጨምሩላቸው «ላኪ፣ ጠግቤያለሁ» ይላሉ፤ ሦስተኛውን «ላኪ» ሲሉ የመጀመሪያው ጉርሻ ወርዷል። ያን ቀን ሦስት ጊዜ «ላኪ» ብለዋል።

ነገር ግን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በወላጆች ፊት፣ በክብር እንግዳ ፊት፣ የሠፈሩን ታላቅ ሽማግሌ «ውሸትዎን ነው» ማለት ሌላ ነው። እኔ ለዣንጥላ ነጋዴ እንኳ እምቢ ብዬ አላውቅም። ከኋላዬ የሞተሩ ድምፅ ቆመ።

«ነክተውታል» አልኩ።

የገዛ ድምፄ የማን እንደሆነ ዘወር ብዬ ልፈልገው ምንም አልቀረኝ። ከዚያ እጄን በሽማግሌው ቡሉኮ ውስጥ ሰድጄ ሳጥኑን ነጠቅኩ። ስጡኝም አላልኩ፤ ይቅርታም አላልኩ። ቁልፉን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተጭኜ ያዝኩ።

ነጥቧ ቆመች መሰለኝ። ቀጥሎ አንድ ክንፏ ዝቅ አለ፤ የግራው። በግጦሹ ሜዳ ላይ ሰፊ ዙር ዞራ ፊቷን ወደ እኛ መለሰች። ሞተር የላትም፣ ድምፅ የላትም፤ እንደ ጭልፊት በንፋስ ብቻ እየተንሳፈፈች መጣች፣ ዝቅ አለች፣ ሣሩን ነካች፣ ጥቂት ተንከባለለችና አፍንጫዋን አቶ መኩሪያ በራሳቸው እጅ ውኃ የሚያጠጡት የአበባ መደብ ውስጥ ተክላ ቆመች። ለሊሴ ሮጣ አነሳቻትና እንደ ሕፃን ታቀፈቻት። ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ።

አቶ መኩሪያ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ድምፃቸው በደንብ ይሰማ ስለነበር እንዳልተቆጡ ገባኝ። «ክፍሉ የክበቡ ነው፣ ወይዘሪት። መረቡን ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ። ለአበባዬ ግን ሊቀ መንበሯ ትመጣና እንነጋገራለን።»

እኔ ይህን ሰምቼ ሳልጨርስ እፍረቴ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። አንገቴን ደፍቼ ኦቦ ዲንሳን ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ልጠይቅ ስዞር፣ እሳቸው ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ቡሉኳቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ አውራ ጣታቸውን ለሕዝቡ ከፍ አድርገው ሲያሳዩ ደረስኩ።

«አያችሁ?» ይላሉ። «የመለሳት ይህ ጣት ነው። እኔ ባልነካው ኖሮ ልጅቷ በምን ታዞራት ነበር?»

የክብር እንግዳው ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። «አባቴ፣ አሁን አልነካሁም አላሉም እንዴ?»

ኦቦ ዲንሳ በመገረም አዩዋቸው።

«ጌታዬ፣ ያኔ እኮ ወደ ጫካው እየሄደች ነበር።»